የተሰበረው ፓራውልት

አቃቂ ቃሊቲ ከሚገኘው ግቢያችን የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ የአባቱን ቪትዝ ሳያስፈቅድ አስነስቶ ከበሩ ምሰሶ ጋር አላተመው። የፊት ፓራውልቱ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። አባትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ አልተነጋገሩም።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ዝም ያሉት ቁስል እንደሚያመረቅዝ አውቃለሁ። ልጄን በልጅነቱ ስለ አንድ ተርሞስ መግረፌም ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ዕለት “ኑ፣ አብረን እንጠግነው” አልኳቸው።

ልጄ ብሎኖቹን ፈታ፤ የክሊፖቹን መሃል በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ አነሳ። ልጁ ሌላውን ጫፍ ደገፈ፤ ብቻውን የሚጎትት ሰው የቀሩትንም ይሰብራልና። የመብራቱን ሽቦ ነቅለው ፓራውልቱን ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት።

ከጀርባው “ፒፒ” የሚል ምልክት አለ፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ይህን ፕላስቲክ ተራ ሙጫ አጥብቆ አይዘውም፤ ከራሱ ዓይነት ጋር ቀልጦ ነው የሚጋጠመው። ጄሪካን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አይሆንም። ይኸው ምልክት ካለበት አሮጌ ባልዲ ቁራጭ ወሰድን። ለተሰበረ እጅ ደጋፊ እንደምናስረው ሁሉ፣ ስንጥቁ ላይ ቀጭን ሽቦ በጋለ ካውያ ቀበርን፤ ቁራጩንም በላዩ አቀለጥን። ጭሱ ስለሚጎዳ ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ነው። የጠፉትን ክሊፖች ከሶማሌ ተራ ገዛን።

ፓራውልቱን ሲመልሱት ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አባዬ፣ ይቅርታ” አለ። አባቱ ካቻቢቴውን አቀበለውና “የመጨረሻዋን አንተ እሰራት” አለው።

እኔም ወደ ቤት ገብቼ ቡና አቀራረብኩ።