ደረቴ ላይ የነበረው ክንፍ

የአብራሪን ክንፍ ነገር የማያውቅ ሰው፣ ጣት የምታህል ብረት ወዳጅን ታለያያለች ቢሉት ይስቃል። እኔን ግን ከአብሮ አደጌ ለይታኛለች።

ሁለታችንም የመርጡለ ማርያም ልጆች ነን። ደብረ ማርቆስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተማርን። በ1964 ዓ.ም. አብረን ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ገባን። ልምምዱ በስዊድኗ ሳፊር ይጀመራል፤ ከዚያ ቲ-28፣ ቀጥሎ ጄቱ ቲ-33። በየደረጃው የሚቀር አለ። ማታ ማታ ወሬያችን ማን ቀድሞ ብቻውን በረረ፣ ማን ሲያርፍ ነጠረ የሚል ነበር። ኤፍ-5 ማን ያበር ይሆን በሚለውም ገና ክንፍ ሳናገኝ እንከራከራለን።

እርሱ ከእኔ ሁለት ቀን ቀድሞ ብቻውን በረረ። እንደ ልማዱ ውሃ ሲደፋበት ባልዲውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ፊቴ ይስቃል፤ ልቤ ግን ዳዊትን እንዳየ ሳኦል ሆኖ ነበር።

ቲ-33 ላይ ስንደርስ፣ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረር አስቸገረው። አንድ ማታ፣ "እስቲ አብረን እንየው፤ አንተ ይገባሃል" አለኝ። "ደክሞኛል" አልኩት። አልደከመኝም። በሳምንቱ ፈተናውን ወደቀና ወደ ምድር ሥራ ተዛወረ።

እኔ ክንፌን ደረቴ ላይ ሰክቼ ለጥር 21 ማርያም አገር ቤት ገባሁ። ብርድ ቢሆንም ካፖርቴን ያልደረብኩት ክንፉ እንዲታይ ነው። እናቱ ከሕዝቡ መካከል አገኙኝና ስመውኝ፣ "የልጄስ ክንፍ መቼ ነው?" አሉ። "እማማ፣ ሰማይ የሁሉም አይደለም" አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን ያደራጁት ስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የእርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ ጎዴ ላይ ተገደሉ። በኤፍ-5 የተዋጉት ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩና 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታሰሩ። እኔ ያኔም የምቆጥረው ማን ስንት ሚግ ጣለ የሚለውን ነበር።

ጡረታ ወጣሁ፤ ጌታንም አገኘሁ። ፉክክሩ ግን ልብሱን ቀይሮ ቤቴ ገባ። ባለቤቴ ርዕሰ መምህርት ሆና ስትሾም "እንኳን ደስ አለሽ" ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። "ከእኔም ጋር ትሽቀዳደማለህ እንዴ?" አለችኝ። ያን ሌሊት ለማንም ያልነገርኩትን "ደክሞኛል" ነገርኳት። ብዙ አልመከረችኝም፤ "ቤቱን ታውቀዋለህ" አለች።

ቢሾፍቱ ሄድኩ። ስናዘዝለት ዝም ብሎ ሰማኝ።

"እንዳልደከመህ አውቅ ነበር" አለ። "እኔ ስተኛ አንተ ታነብ ነበር።" ጥቂት ቆይቶ፣ "እናቴም ያልካትን ነግራኛለች። በሕይወት እያለች ብትመጣ ጥሩ ነበር" አለ።

ምን እላለሁ? መሬት መሬት አየሁ። ባለቤቱ ቡና አቀረበች፤ አቦልና ቶናው በዝምታ አለቀ። በረካው ሲቀዳ ቀና ብሎ አየኝ።

"ያ የባልዲ ውሃ ግን ምን ዓይነት ቅዝቃዜ ነበር!" አለ።