ያልታመመውም ይጠየቃል

በ2008 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ሁለት እግራቸው የሚያብጥ ሰዎች በርክተው፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግራ አጋብቶ ነበር። ጉዳዩ ሲመረመር መነሻው የምግብ ዘይት ሆኖ ተገኘ። አርጌሞን ከሚባለው ቢጫ አበባ ካለው እሾሃማ አረም ፍሬ የወጣ ዘይት ተቀላቅሎበታል። በውስጡ ያለው ሳንጉናሪን የሚባል መርዝ ደቃቅ የደም ሥሮችን ያሳሳል፤ ፈሳሽ ወደ ሰውነት ይሰርጋል፣ እግር ያብጣል፣ ሲብስ ልብ ይደክማል።

ይህን ያነሳሁት ብስራተ ገብርኤል ሰፈራችን ውስጥ ባለፈው ረመዷን በሆነው ነገር ነው። ሦስት ጎረቤቶች ተከታትለው ታመሙ። ከተራዊሕ ስንመለስ የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ «ዘይቱ ነው፣ ከእገሌ ሱቅ አትግዙ» የሚል መልእክት ጠበቀን። በማግስቱ ሱቁ ጭር አለ። ባለሱቁ የልጆች አባት ነው።

የጤና መርማሪዎች ገና ሲጀምሩ የሚጠይቁት «በሽታው አንድ ዓይነት ነው ወይ?» ብለው ነው። የኛዎቹን ዞሬ ብጠይቅ አንዷ ኩላሊት፣ አንዱ ታይፎይድ፣ ሌላው የቆየ ጨጓራ። እዚህ ላይ ወሬው ማለቅ ነበረበት። በሽታው አንድ ቢሆን እንኳ በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ወቅት ከተለመደው መብዛቱ ይታያል፤ ታይፎይድ በክረምት ሦስት ሰው ቢይዝ ብርቅ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ያልታመመውንም መጠየቃቸው ነው። ታማሚዎቹ ሁሉ ከአንድ ሱቅ ገዝተው ይሆናል፤ ከዚያው ሱቅ ገዝቶ ጤነኛ የሆነውስ ስንት ነው? በአርጌሞን መመረዝ ከአንድ ድስት የሚበላ ቤተሰብ አብሮ ይታመማል፤ ጡት ብቻ የሚጠባው ሕፃን ግን ይተርፋል። ጣቱን ወደ ድስቱ የሚቀስረው ያ ጤነኛ ሕፃን ነው።

ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ፣ ሳታውቁ ሰው ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ ይለናል። ማጣራት ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም። የ2008ቱም ቢሆን ሰዎቹ ሐኪም ጋ ባይሄዱ ማን ያውቅ ነበር? እውነተኛ ጥርጣሬ ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ወይም በ8335 ይደውል። የጠረጠራችሁትን ዘይት አትጠቀሙበት፤ ከነጠርሙሱ ግን አስቀምጡት፣ ላቦራቶሪ የሚመረምረው እሱን ነው።