አሮጌው ታፔላ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

ወታደር ከሁሉ አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ብርሃንን መሸሸግ ነው። በጦር አካዳሚ ሳለን፣ በሌሊት ልምምድ የአንዲት ሲጋራ ፍም እንኳ ከሩቅ እንደምትታይና ባለቤቷን ከነጓዶቹ እንደምታጋልጥ ተደጋግሞ ተነግሮናል። በዚህ ዓመት ግን በተቃራኒው ብርሃንን ስለማሳየት እንዳስብ ግድ ሆነብኝ። በቤተሰብ መኖሪያችን የሕክምና ክፍል በረንዳ ላይ የተሰቀለው ባለ መብራት ታፔላ ስላረጀ፣ ይታደስ ወይስ ይለወጥ የሚለውን ጉዳይ ከኮሚቴው ጋር መርምሬ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ምሽግ ይሸሸጋል፤ የታመመ ልጅ ታቅፋ በሌሊት የምትመጣ እናት የምትፈልገው ደጅ ግን መታየት አለበት።

ውድ አንባቢያን፣ የምንኖርበትን አገር ታውቁታላችሁ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ቆስለው ያረፉበት፣ ከተማውም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለ በስማቸው የሚጠራበት ቆላ ነው። ከወንዙ ማዶ ገላባት፣ ከዚያም 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ የሆነችው ገዳሪፍ ትገኛለች። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መሥመርም የተዘረጋው በዚሁ ምድር ላይ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በክረምት ዋልካው ጭቃ ይሆናል። እንዲህ ያለ አየር ለሰውም ለዕቃም አይራራም።

ታፔላው የዚህ አየር ምስክር ነው። ፊቱን የሸፈነው ነጭ ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። በውስጡ ካሉት አራት ባለ 36 ዋት የፍሎረሰንት አምፖሎች ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ይርገበገባል። ባላስቱ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ የሽቦው ልባስም ደርቆ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ከወፍራም ላሜራ የተበየደው ሳጥን ግን፣ ውኃ ከሚያቁርበት ከታችኛው ጠርዝ በቀር ጤነኛ ነው።

በኮሚቴው ሁለት አሳብ ቀረበ። ወጣቱ የመብራት ሠራተኛችን «ጠቅላላው ይጣልና አዲስ ከጎንደር ይምጣ፤ አሮጌ ዕቃ መጠገን ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው» አለ። በዕድሜ የገፉት ሻምበል ባሻ ደግሞ «ብረቱ ከሁላችንም ይልቅ ጠንካራ ነው፤ የአባላት መዋጮ በከንቱ አይባክን» ሲሉ ተከራከሩ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በታላላቅ ከተሞችም ተነሥቷል። በለንደን ፒካዲሊ አደባባይ ያሉት የኒዮን ማስታወቂያዎች ቀስ በቀስ ወርደው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ግዙፍ የኤል ኢ ዲ ሰሌዳ ተተክተዋል። በአሜሪካ ላስ ቬጋስ መግቢያ በ1959 የቆመው የእንኳን ደህና መጣችሁ ታፔላ ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ በ2009ም በአገሪቱ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በእኔ ግምት ልዩነቱ ከመልእክቱ የሚመነጭ ነው። የፒካዲሊው ሰሌዳ የሚለው ነገር በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የላስ ቬጋሱ ግን ለገቢው ሁሉ ያንኑ አንድ ቃል ይናገራል። ቃሉ የማይለወጥ ታፔላ ከጥገና የበለጠ አይሻም። የእኛም ታፔላ «የቤተሰብ ሕክምና ክፍል» ከማለት ሌላ የሚናገረው የለውምና፣ እኔም ወደ እድሳቱ አዘነበልኩ።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አልተቋጨም። በስብሰባው የተገኙ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «መቶ አለቃ፣ እናንተ ስለ ሳጥኑ ትከራከራላችሁ። ማታ ማታ ከዚያ መብራት ሥር ልጅ ታቅፈን ተራ የምንጠብቅ እኛ ነን። የቆላው ተባይ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ይህን ማን ጠየቀልን?»

«እትዬ፣ ትክክል ብለዋል» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

በመተማና በሑመራ፣ ከድንበሩ ማዶም በገዳሪፍ፣ ካላ አዛር የታወቀ በሽታ ነው። ካልታከሙት ብዙውን ጊዜ ይገድላል። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ቀን በዋልካው ስንጥቅና በግራርና በበደኖ ዛፎች ዙሪያ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሲመሽ ወጥታ ትነድፋለች። ከወባ ትንኝ ስለምታንስ ሰፊ ቀዳዳ ያለው አጎበር አያግዳትም። ብርሃን ይስባታል፤ ተመራማሪዎችም የሚይዟት መብራት ባለው ወጥመድ ነው። በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ተን የሚሰጠው ለሰው ዓይን የማይታይ ጨረር ነው፤ የመስተዋቱ የውስጥ ልባስ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል፤ ጥቂቱ ግን ያመልጣል። ብዙ ተባዮች ያንን ጨረር ያያሉ። ኤል ኢ ዲ ይህን ጨረር ከሞላ ጎደል አይሰጥም፤ በተለይ ወደ ቢጫ የሚያደላው ዓይነት በጥቅሉ የሚስበው ተባይ ያነሰ ነው። የአሸዋ ዝንብ በረራዋ ደካማና አጭር በመሆኑ፣ መብራቱን ከመቀመጫው ማራቅ ራሱ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ውሳኔያችን ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ሆነ። ሳጥኑ ዝገቱ ተፍቆ፣ ታችኛው ጠርዙ እንደገና ተበይዶና የውኃ መውጫ ቀዳዳ ተበጅቶለት ይቀጥላል። ፊቱ በአዲስ ፕላስቲክ ይተካል፤ ፊደሎቹም በዚያው መጠን ይጻፋሉ። ሽቦው በሙሉ ይለወጣል፤ የብረት ሳጥን በዝናብ ጊዜ የሚነካውን ልጅ እንዳይጎዳ የመሬት ሽቦ ይዘረጋለታል። ባላስቱ ወጥቶ አራት ባለ 18 ዋት ወደ ቢጫ የሚያደሉ ኤል ኢ ዲዎች ይገባሉ። ቀድሞ የባላስቱ ፍጆታ ሳይቆጠር 144 ዋት ይበላ የነበረው ታፔላ 72 ዋት ይበቃዋል። ከሁሉም በላይ፣ ከበረንዳው ወርዶ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ በመግቢያው በር ላይ ይሰቀላል።

ለቤተሰቦች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የወረዱትን አምፖሎች ልጆች ለጨዋታ እንዳይወስዷቸው፤ ሲሰበሩ የሚወጣው የሜርኩሪ ተን ለጤና ጎጂ ነው። ሳይሰበሩ ተጠቅልለው ለንብረት ክፍል ይመለሱ።

ከዚህ የተረዳሁትን ለትዳር ጓዶችም ለአዛዦችም አካፍላለሁ። አሮጌ ዕቃ ፊታችን ሲቀርብ፣ ዕድሜውን ከመቁጠር በፊት የትኛው ክፍሉ እንደሞተና የትኛው እንደሚያገለግል ለይቶ ማየት ይገባል። ከዚያም ከዕቃው አጠገብ የሚውለውንና የሚያመሸውን ሰው መጠየቅ ነው። ታፔላ የሚነበበው መንገዱን ለማያውቅ እንግዳ ነው፤ ከሥሩ የሚቀመጡት ግን የራሳችን ልጆች ናቸው።