ማሽኑ የሰጣት ማርክ

ከሃያ ዓመት በላይ ማርክ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሥነ ጽሑፍ መምህር በነበርኩበት ዘመን ቀይ እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም ነበር። የስንቱን ልጅ ግጥም ንባብ አዳምጬ፣ የስንቱን ድርሰት አገላብጬ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ስል ኖሬአለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በሃምሳዎቹ ዕድሜው ቶኪዮ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ገብቶ፣ ማይክ ጨብጦ፣ ማሽን ማርክ ሲሰጠው ይታያችሁ። ሰባ አንድ ነጥብ ምናምን። የዘራኸውን ታጭዳለህ ማለት ይኼኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ለአንድ ስብሰባ ወደ ጃፓን ሄጄ ነበር። ድሮ ያስተማርኳት፣ አሁን ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ወረዳ የምትኖር ሴት መምጣቴን ሰምታ ካረፍኩበት ድረስ መጣች። ካትሱሺካ ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነውና ቡናና እንጀራ ወዳለበት ትወስደኛለች ብዬ ስቋምጥ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካራኦኬ ነው የምወስድዎት» አለችኝ።

«በጠዋት? ሰው በጠዋት ይዘፍናል እንዴ?»

«በጠዋት ዋጋው ርካሽ ነው። ደግሞ ልምምድ አለብኝ።»

ልምምዱ ለመሥሪያ ቤቷ ግብዣ ነው። ጃፓኖች በዓመቱ መጨረሻ «ቦኔንካይ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ዓመቱን መርሻ እንደማለት ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ካራኦኬ ይከተላል። እሷ በምትሠራበት ሆቴል ደግሞ ማርክ ሰጪውን ማሽን ከፍተው ነው የሚዘፍኑት። ስለዚህ በወር አንድ ሁለቴ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ ትለማመዳለች። ብቻውን ካራኦኬ የሚገባ ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም።

ስለ ካራኦኬ ትንሽ ልበላችሁ። «ካራ» ባዶ ማለት ነው፤ «ኦኬ» ደግሞ ኦርኬስትራ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። ዘፋኝ የሌለው ኦርኬስትራ መሆኑ ነው። በካራኦኬ ፈጣሪነት ከሚጠቀሱት አንዱ ዳይሱኬ ኢኖዌ የተባለ የኮቤ ሙዚቀኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ማሽኑን ሠርቶ ማከራየት ጀመረ፤ የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም። ዓለም በእሱ ሐሳብ ሲከብር እሱ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሰጠው «ኢግ ኖቤል» የተባለው የቀልድ የሰላም ሽልማት ነው። ምክንያቱ? ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ መንገድ ፈጥሯል ተብሎ። እኔ ስዘፍን የሰማ ሰው ይህ ሽልማት ቀልድ አለመሆኑን ይመሰክራል።

የዘፈንኩት ልጅ ሳለሁ ከታላላቆቼ የሸክላ ክምችት መሀል የሰማሁትን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ድረስ ዘልቆ አንደኛ የወጣውን የኪዩ ሳካሞቶን ዘፈን ነው፤ ፈረንጆቹ «ሱኪያኪ» ይሉታል። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ቃሉን አላውቀውም። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ላላ ላላ» እያልኩ ወጣሁት። ማሽኑ ምንም ሳይከፋው ሰባ አንድ ሰጠኝ።

«ግጥሙን አንድ ቃል ሳልል?» አልኳት።

«ቃል አይሰማም ጋሼ። እሱ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜዬን ለቃል የገበርኩ ሰው ነኝና ይኼ ልቤን አሳመመው። እኛ አዝማሪ ቤት ገብተን የምንስቀውም የምንተክዘውም በቃሉ ነው፤ ሰሙን ሰምተን ወርቁን ስንፈልግ። እዚህ ግን ቃል ዜሮ ነጥብ!

ታዲያ ምኑን ነው የሚለካው? አስረዳችኝ። ስክሪኑ ላይ ትናንሽ አግዳሚ መስመሮች ይደረደራሉ፤ የዜማው ከፍታና ዝቅታ ናቸው። ድምፅሽ መስመሩ ላይ ካረፈ ይቀለማል፤ ከሳተ ስሕተቱ ያው ፊትሽ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ውጤቱ ተበትኖ ይመጣል፦ የዜማ ትክክለኛነት፣ የድምፅ እርጋታ፣ የምት አጠባበቅ፣ ድምፅን ማርገብገብና ማስረዘም፣ ከዚያ «አገላለጽ» የሚሉት። አገላለጽ ሲሉ ስሜት መስሎኝ ነበር። ማሽኑ ግን በብዛት የሚይዘው ድምፅ መጉላቱንና ማነሱን ነው። ስለዚህ ብልጦቹ ማይኩን ከአፋቸው እያራቁና እያቀረቡ ነጥብ ይለቅማሉ። ስሜት በስንዝር ሲለካ አየሁ።

ልጅቱ ይህን ሁሉ አጥንታ ነው ዘፈን የምትመርጠው። ዘገምተኛ ይሁን፤ ጥድፊያ ያለበት ትንፋሽ ይነጥቃል። ዜማው ከዝቅታ ወደ ከፍታ የማይዘል፣ ክልሉ ጠባብ የሆነ ይሁን። የስንኙ መጨረሻ ረዘም ይበል፤ ድምፅን አርግቶ ለመያዝ ይመቻል። ከሁሉ በላይ ግን የከፍታው ነገር አለ። ሴቶች የሚያቀነቅኗቸው ብዙዎቹ ታዋቂ ዘፈኖች ወደ ላይ የወጡ ናቸው። ድምፅዋ ወፈር ያለ ሴት እነሱን ልከተል ስትል ትጮሃለች፤ ትሰነጠቃለች። መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነው፤ ሙዚቀኞች «ኪይ» የሚሉትን ሁለት ሦስት ደረጃ ዝቅ ማድረግ። ማሽኑ ለዚህ አንድም ነጥብ አይቀንስም።

«ቀን ቀን ሆቴሉ ውስጥ ስልክ ሳነሳ ድምፄን ቀጠን አድርጌ ነው» አለችኝ። «እዚህ አገር እንግዳ የምታስተናግድ ሴት እንዲህ ነው የሚጠበቅባት። በገዛ ድምፄ የማወራው እዚህ ክፍል ስገባ ነው።»

መጀመሪያ የመረጠችው ኤንካ ነበር፤ የጃፓኖች የናፍቆትና የእንባ ዘፈን። ሳዩሪ ኢሺካዋ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣችውን፣ ሰሜን ስላለው ስለ ትሱጋሩ ባሕርና ስለ ብርዱ የሚተርከውን። ብዙ የኤንካ ዘፈኖች በአምስት ድምፅ የተቃኙ ስለሆኑ ትዝታን ለለመደ ጆሮ ባዳ አይደሉም። ድምፅን ጠምዘዝ አድርጎ መመለስም አላቸው፤ «ኮቡሺ» ይሉታል። የእኛ ልጅ ይኼማ የቤቴ ነው ብላ እንደ አገሯ እንጉርጉሮ ብታስነካው፣ ማሽኑ ኮቡሺውን ቆጠረላት፤ ግን ባልተፈለገበት ቦታ ሁሉ ከመስመሩ ስለወጣች የዜማ ነጥቧን ገፈፋት።

ስለዚህ ኤንካውን ትታ «ፉሩሳቶ»ን ያዘች። የትውልድ ቀዬ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ለተማሪ ቤት የወጣ መዝሙር ነው፤ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ፣ መዝለል የሌለበት። ኪዩን ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጋ ዘፈነችው። ዘጠና አራት! እኔ ግን ከማመስገን ይልቅ የመምህርነት አመሌ መጣብኝ።

«ይኼ እኮ ፈተናውን ሸምድዶ መግባት ነው። ማሽን የወደደውን ከምትመርጪ ልብሽ የወደደውን አትዘፍኚም?»

ዝም አለች። ከዚያ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰባት ዓመት ኖርኩ። በገባሁ ሰሞን «ደህና ዋላችሁ» ስል «ጎበዝ! ጃፓንኛሽ እንዴት ያምራል!» ይሉኝ ነበር። ዛሬም ስብሰባ መርቼ ስወጣ ያንኑ ይሉኛል። ክፋት የለውም፤ ትሕትና ነው። ግን ጎበዝ መሆኔንና አለመሆኔን በምን ልወቅ? መልኬን የማያየው ይኼ ማሽን ብቻ ነው። ስሳሳት ተሳሳትሽ ይለኛል። የቱ ጋ እንደሆነም ያሳየኛል።»

ቀጠለች፤ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «እርስዎ ግጥም ንባብ ላይ ሲ ሰጥተውኛል። ምን እንደጎደለኝ ግን አልነገሩኝም።»

ቀዩ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ የፈሰሰ መሰለኝ። ላስታውስ ሞከርኩ። የክፍሉ ስፋት፣ የተሰበረው መስኮት፣ የመኪናው ጫጫታ ትዝ አለኝ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር የማዳምጠው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡት ብዙውን ጊዜ ወንዶቹ ነበሩ። ሴቶቹ፣ ገና በልጅነታቸው «ቀስ ብለሽ ተናገሪ» ተብለው ያደጉት፣ ዝግ ባለ ድምፅ ያነቡ ነበር። እኔም ወረቀቱ ላይ «አልተሰማም» ብዬ እጽፍና ሲ አደርጋለሁ። አልተሰማም! ለማን?

በማሽኑ ስስቅ ነበር። ማሽኑ ግን የሚለካውን አስቀድሞ ይናገራል፤ የሳትሽበትን ያሳያል፤ ዝቅ ካለው ድምፅሽ ተነሺ ብትዪው «እሺ» ብሎ ራሱ ይወርዳል። ደግሞ ለድምፅ የሚስማማ ዘፈን መምረጥ ማጭበርበር አይደለም። ራስን ማወቅ ነው። እኔ ያን ምርጫ ሰጥቻቸው አላውቅም፤ ግጥሙን የምመርጠው እኔ፣ የምለካውም በልቤ ይዤ ነበር።

ማሽኑ ግን የማያውቀው ነገር እንዳለ የነገረችኝም ራሷ ናት። አገሬ ከገባሁ በኋላ ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ ግብዣው ላይ ዘፈንኩ። ሰማንያ ስምንት።»

«ከዘጠና አራት? ምን ነካሽ?»

የፉሩሳቶ ሁለተኛው አንጓ አባትና እናት ደህና ናቸው ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ያሰቡትን ፈጽሞ አንድ ቀን ወደ አገር ስለመግባት ነው። ጠዋት ጠዋት መስመሩን እያየች ስትዘፍን ቃሉን ልብ ብላው አታውቅም። ያን ማታ ግን ሰው ሁሉ ፀጥ ሲል ቃሉን ራሷ ሰማችው። እናቷን ካየች አራት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ማሽኑም እርጋታ ጎደለ ብሎ ቀነሰ። ልክ ነው፤ ጎድሏል።

ሁልጊዜ «ጎበዝ» የምትላት አለቃዋ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ ያን ማታ ጎበዝ አላለቻትም። አጠገቧ መጥታ ተቀመጠችና፣ «አገርሽ የት ነው? ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀቻት። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቃት አታውቅም ነበር። እስኪዘጋ ድረስ አወሩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ያንን ሲ ዛሬ ላርመው አልችልም፤ መዝገቡ ተዘግቷል። ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «አልተሰማም» እያልኩ ስጽፍ አንዲት ቀን እንኳ ወንበሬን ይዤ ወደፊት ቀረብ አለማለቴ ይቆጨኛል።