ጉልበት የሚመርጠው ከተማ

መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው የሻይ ሰዓት ወሬው ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ ስለ ዕድገት፣ ስለ አበል፣ ስለ አለቃው ጠባይ ሲያወራ የኖረ ሰው በድንገት የአየር ጠባይ አዋቂ ይሆናል። «ሐዋሳ ቀኑ ይሞቃል እንጂ ምሽቱ ነፋሻ ነው።» «ደብረ ብርሃን ብርዱን ከቻልከው ይረክሳል።» «ቢሾፍቱን ተወው፣ ደላላ አበላሽቶታል።» የጡረታ መውጫው ስድሳ ስለሆነ ለምርጫው ሁለት ዓመት ቀርቷል ማለት ነው። በወሬኞቹ ፊት ለፊት ማኪያቶ፣ በስልካቸው ደግሞ ደላላው የላከው ፎቶ አለ። ፎቶው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አዲስ ቆርቆሮ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የብረት በር፣ ኮብልስቶን ያልደረሰው የበሩ መንገድ በብልሃት ተቆርጦ።

እኔ ከዚህ ወሬ የምወደው የማይነሣውን ጥያቄ መጠበቅ ነው። የካሬው ስፋት ይነሣል። ካርታ መኖሩ፣ ውኃና መብራት መግባቱ ይነሣል። ከበሩ እስከ ዳቦ ቤቱ መንገዱ ዳገት ይሁን ቁልቁለት የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልገጠመኝም። ቤቱን የሚመርጠው የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሰውዬ ነው፤ የሚኖርበት የሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለቱ ደግሞ ተገናኝተው አያውቁም።

አያቶቻችን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረባቸውም ሲባል እሰማለሁ። ልክ አይመስለኝም። በክርስቲያኑ አገር የቆየውን ልማድ ተመልከቱ። አንዲት እናት ልጆቿን ድራ ስትጨርስ፣ ባሏም ሲሞት፣ ያላትን ታከፋፍልና ቆብ ትደፋለች፤ ከዚያም ደብረ ሊባኖስ ወይም በቅርብ ካለ ደብር ቅጥር ሥር ጎጆ ትቀልሳለች። እኛ ይህን የጸሎት ነገር ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ ጸሎትማ ነው። ነገር ግን ኑሮውንም አስቡት፦ ወጪው ጥቂት ነው፣ ጎረቤቶቿ እኩዮቿ ናቸው፣ ጠበሉ ቅርብ ነው፣ ከቅዳሴ አንድ ቀን ብትቀር «እማሆይ ምን ሆኑ?» ብሎ ደጇን የሚያንኳኳ አለ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ በእግር በሚደረስ ርቀት አሰባስቦ ያቀረበ የሪል ስቴት ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። ጎጆዋ ማፍሰሷ፣ ቁንጫውም፣ ከዘመድ የሚላከው ስንቅ ሲዘገይ ሳይታወጅ የሚገባው ጾምም አይረሳኝም። ማንም ተመለሱ ቢለኝ አልመለስም። የሰፈሩ አቀማመጥ ግን የታሰበበት ነበር።

ወደ ዛሬው ስንመጣ መጀመሪያ የሚናገረው ገንዘቡ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አሥር ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ጭማሪ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ሠላሳ ዓመት ወንበር ያሞቀ የሲቪል ሠራተኛ 55 በመቶ ይደርሰዋል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከነበረ በየወሩ 5,500 ብር ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከግለሰብ ለተከራየ ሰው ይህ ብር ወጥ ቤት ሳይደርስ አከራዩ በር ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጡረታ ሲመጣ የራሱ ጣራ የሌለው ሰው ስለ ሐይቅ ዳር ነፋስ የማውራት ዕድል የለውም፤ ወይ ልጅ ቤት ይገባል፣ ወይ ወደ ተወለደበት ወረዳ ይመለሳል። ምርጫ የምንለው ጣራ ላለው ሰው ነው።

ጣራ አለን ከሚሉት ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ባለ ዕጣዎች ናቸው። የ20/80 ብሎኮች አብዛኞቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም። ዕጣው የወጣ ቀን አራተኛ ፎቅ መሆኑ ማንንም አላስከፋም፤ ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ሌባ አይደርስም ተብሎ ተመረቀ። ዛሬ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጀሪካኑ ሲታሰብ፣ ያ ምርቃት ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ መምህር ደረጃውን የሚወርዱት በቀን አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዳቦው፣ መድኃኒቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሰፈሩም ወሬ ተጠናቆ ነው የሚመለሱት። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንድ አሮጌ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ከብረቱ ጋር በሰንሰለት አስረውታል። ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀባቸው። አሁን እርጉዟም ጤፍ ተሸካሚውም ያርፍበታል፤ እንዲያውም ባለፈው ሳልፍ ወንበሩ ተይዞባቸው ቆመው ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው።

ከተሞቹን በየተራ ያየሁት በጉልበትና በሳምባ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ወባ አይደፍራትም፤ ብርዱ ግን አስም ላለበት ሰው ቀልድ አይደለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ለሰሜን ሸዋ በግ ጠጉር ሲባል ነው ይላሉ፤ በኅዳር ውርጭ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ግን ሌላ ምክንያት አይጠፋውም። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 1,700 ሜትር አካባቢ። ውበቱን ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔን የሚገርመኝ ሜዳነቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ወጥቶ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ እስኪመለስ ድረስ ዳገት የሚባል አይገጥመውም። ባጃጁም የጡረተኛ መኪና ነው፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ እንደ ሚኒባስ ጎንበስ ብሎ እየተጎተቱ መግባት የለም፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ረዳትም የለም። በሌላ በኩል ወባ አለ፤ አጎበር መዘርጋት የሰለቸው ሰው ይህን ይመዝን።

ቢሾፍቱን ግን ደላላ እንደሚለው ሳይሆን እንደ መሬቱ አቀማመጥ ማየት ይሻላል። ከአዲስ አበባ በ45 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነች፣ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ ቅዳሜውኑ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐይቆቹ ግን፣ ሆራም ባቦጋያም የቢሾፍቱ ሐይቅም፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዳራቸው ገደል ነው። «ሐይቅ የሚያይ ቤት» የሚባለው በትክክል ያያል፤ መውረድና መውጣት ግን የወጣት ሥራ ነው። በአቅራቢያዋ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ የመሥራቱ ዕቅድ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ደላላው «ኤርፖርቱ» ሳይል አፉን አይከፍትም። ለሻጭ መልካም ዜና ነው። ጸጥታ ፈልጎ ለሚገባ አዛውንት የአውሮፕላን ማረፊያ ጉርብትና ምን እንደሚጠቅመው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

የትም ይሁን የት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጨረሻው አዲስ አበባ ነው፤ ስፔሻሊስቱ በብዛት ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀጠሮ ይለካል። ሌላም ነገር አለ። ድሮ «መንገዱ ደህና ነው?» ሲባል ስለ ጭቃና ስለ ድልድይ ነበር፤ ዛሬ ጠያቂውም ተጠያቂውም ሌላ ነገር እንደሚያወሩ ያውቃሉ። ዓባይን ተሻግሮ ባሕር ዳር ለመኖር ቆርጠው የነበሩ ወዳጆቼ ከዘንባባው ጥላ ጋር ተጣልተው አይደለም የቀሩት፤ ልጆቻቸው እንዴት መጥተው እንደሚያዩአቸው ስላልገባቸው ነው።

የዋሽንግተንና የሜሪላንዱ ወገናችን ችግሩ ሌላ ይመስላል እንጂ ያው ነው። ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ጠብቆ፣ ሆስፒታል ሌሊት ሠርቶ ለጡረታ የሚያበቃውን አርባ ክሬዲት የሞላ ሰው ከ62 ዓመቱ ጀምሮ ሶሻል ሴኩሪቲ መውሰድ ይችላል፤ ቀድሞ በመውሰዱ ይቀነስበታል፣ በ1960 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠርና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሙሉው የሚመጣው በ67 ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካለው ገንዘቡ ኢትዮጵያም ይከተለዋል። ሜዲኬር የሚባለው የጤና መድን ግን አይከተለውም፤ ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም። ኤስ ኤስ አይ የሚባለው የድጎማ ገንዘብ ደግሞ ሰውዬው ከአሜሪካ ወጥቶ 30 ቀን ሲሞላው ይቆማል። ይህን ሳያጣራ ቤት አስገንብቶ፣ ሳሎኑን በቱርክ ሶፋ ሞልቶ፣ በየስድስት ወሩ ለደም ምርመራ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ጥቂት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ገመድ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ብዙዎች ጡረታቸው በእጥፍ ያደገ መስሏቸው ነበር። ሲሚንቶውና ዘይቱም ያንኑ ዜና ሰምተዋል።

እዚያው አሜሪካ ርካሽ ፍለጋ ላስ ቬጋስና ቴክሳስ የሚወርዱም አሉ፤ በሁለቱም ቦታ የግዛቱ መንግሥት የገቢ ግብር አይሰበስብም፣ ቤቱም ከዋሽንግተን አካባቢ ይቀላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ክርክሩን የሚወስኑት የልጅ ልጆች ናቸው። ባል ሐዋሳ ላይ የኮርኒሱን ዓይነት ሲመርጥ ሚስት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ባል «እንግባ» ይላል። ሚስት «አንተ ቅደም» ትላለች፤ ይህ መልስ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አጥር ነው። ሦስት ሜትር ግንብ፣ አናቱ ላይ ጠርሙስ ስብርባሪ፣ ከዚያ በላይ የሽቦ ጥቅልል፣ ከሥር ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘው የሚገፉት የብረት በር። በሩን ብቻቸውን መክፈት የማይችሉ እናት ከውስጥ ሲወድቁ ያ አጥር የሚያግደው ጎረቤትን ነው። እኔ ብጠየቅ ከሽቦው በፊት የሰርቪሷን ክፍል አስቀድማለሁ። በጓሮ አንዲት ነርስ ወይም አንድ አስተማሪ ተከራይቶ ቢኖር ኪራዩ የጡረታውን ጎዶሎ ይደግፋል፤ ማታ መብራት ይበራል፤ ጠዋት «እንዴት አደሩ?» የሚል ድምፅ አለ። ተከራይ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ፤ ቡታጋዙን ሳያጠፋ ይተዋል፣ እንግዳ ያበዛል። ቢያስቸግርም በሕይወት መኖርን ያረጋግጣል።

ሌላው እድር ነው። ሰው ከሰፈር ሰፈር ሲቀየር ከቀበሌው መሸኛ ይዞ ይሄዳል፤ ከእድር ግን መሸኛ የለም። ሠላሳ ዓመት የከፈለው፣ የሰው ለቅሶ ላይ ድንኳን የተከለበት፣ ወንበር የተሸከመበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ በአዲሱ ሰፈር በስድሳ ዓመቱ አዲስ አባል ነው። ብዙ እድሮች ዘግይቶ ለሚገባ ሰው መግቢያውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ድንኳኑና ድስቱ የተገዛው በነባሮቹ ገንዘብ ነዋ። አይፈረድባቸውም። እንዲያውም አንዳንድ ብልህ ሰዎች ቤቱን ከመግዛታቸው ከዓመታት በፊት እድሩን ይገባሉ፤ በየወሩ መዋጮ ይልካሉ፣ ለቅሶ ሲኖር በአውቶቡስ ሄደው ይደርሳሉ። ሲገቡ እንግዳ አይሆኑም።

ባለፈው መጋቢት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ባልና ሚስት ቢሾፍቱ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ባልየው ከደላላው ጋር ስለ ካሬ ሲከራከሩ ሚስትየው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ገብተው በጫማቸው ሴራሚኩን ይሞክሩታል፤ ያንሸራትታል ብለው ወጡ። ከዚያ ደላላውን ያዙት። ወፍጮ ቤቱ የት ነው? የእድሩ ዳኛ ማን ይባላሉ? ሌሊት ሰው ቢታመም ባጃጅ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው? ደላላው ፈገግ እያለ ወደ ባልየው ዞሮ ስለ ሐይቁ ዕይታ ማውራት ጀመረ። «ልጄ፣» አሉት፣ «እሱ ቀድሞኝ ቢሄድ የሚደርሰኝ የጡረታው ግማሽ ነው። ዕይታውን ለእሱ አሳየው፤ ለእኔ ወፍጮ ቤቱን።» ባልየው «ገና በቁሜ ቀበርሽኝ» ብለው ሳቁ፤ ግን ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ስለ ካሬ አልተናገሩም።

ያንን ቤት ትተው ከገበያው ጀርባ ሌላ አዩ። መልኩ አያምርም፤ ጣራው ዝቅ ያለ ነው፣ ሐይቅ የሚባል ከየትኛውም መስኮት አይታይም። ሰርቪሱ ውስጥ ሁለት ነባር ተከራዮች አሉ፤ አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሚስትየው ከእሷ ጋር በሩ ላይ ቆመው ስለ ሌሊት ተረኛነቷ ረጅም ጊዜ አወሩ። ባልየውን ግን የቅርቡ ወፍጮ ድምፅ አልተመቻቸውም። ቀብዱ ገና አልተከፈለም፤ ወፍጮው ማታ በስንት ሰዓት እንደሚቆም ለማጣራት ቅዳሜ ተመልሰው ሊሄዱ ነው፤ ሚስትየው ደግሞ የእድሩን መግቢያ ዋጋ ለማስቀነስ የሚያማልድ ሰው እየፈለጉ ነው።