የተደፈነው ጉድጓድ

ሰው የማያውቀውን ነገር ቢንቅ ባለማወቁ ይታዘንለታል። ነገር ግን በገዛ ቤቱ እያየው ያደገውን ነገር ንቆ፣ ያንኑ ነገር በሌላ ስፍራ ሌላ ስም ይዞ ባገኘው ጊዜ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ የሚነሣ ሰው ምን ይባላል? እንዲህ ያለውን ሰው ሩቅ ሄጄ አልፈልገውም፤ እኔው ራሴ ነኝ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እንድታመሰግኑኝ ብዬ አይደለም፤ እኔ በስተርጅና የተማርሁትን እናንተ በጊዜው እንድታውቁት ነው።

የተወለድሁት በጨፋ ሸለቆ፣ በከሚሴ አጠገብ ነው። የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወገን ወርዶ ሜዳችንን እያረሰረሰ ያልፋል፤ በበጋ ጊዜ አርብቶ አደሮች ለሣሩና ለውሃው ሲሉ ከብቶቻቸውን ነድተው ከሩቅ ይመጣሉ። የተማርሁት ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ማንበብንና መጻፍን፣ ሰዓት ማክበርንና እውነት መናገርን ያስተማሩኝ ሰዎች ውለታቸው አለብኝ። ሆኖም ማንም ሳያስተምረኝ አንድ ክፉ ትምህርት በራሴ ላይ ጨመርሁ፤ ይኸውም የወጣሁበትን ቤት ማፈር ነው።

መምህር ከሆንሁ በኋላ ከምወዳቸው ትምህርቶች አንዱ የሮማውያን የመታጠቢያ ቤት ታሪክ ነበር። ሮማውያን ከወለሉ በታች እሳት አንድደው ትኩሱን አየር በወለሉ ሥርና በግድግዳው ውስጥ ያስተላልፉ ነበር። የሚታጠበው ሰው ለብ ካለው ክፍል ወደ ሙቁ፣ ከሙቁም ወደ ቀዝቃዛው ይተላለፋል። በሮማ ከተማ በ216 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የካራካላ መታጠቢያ ፍራሹ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ይህ ልማድ በምሥራቁ አገር ሳይጠፋ ቆየ፤ ቱርኮችም ሐማም ብለው አሳመሩት፤ በ1453 ቁስጥንጥንያን ያዙ፤ ሕንፃ ዐዋቂው ሲናንም በዚያች ከተማ በ1584 የሠራው ሐማም እነሆ ዛሬም አለ። ይህን ሁሉ በጠመኔ እየሣልሁ ብዙ ዓመት አስተማርሁ።

በዚያው ዘመን በገዛ ቤቴ አንድ ጉድጓድ ነበረ። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ ጊዜ ባለቤቴ እንደ አገራችን ሴቶች ልማድ ለወይባ ጢስ ያስቆፈረችው ነው። ወይባ እንጨት ነው። ፍሙ ላይ አድርገውት ጢሱ ሲነሣ ሴቲቱ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ፣ በቡልኮ ተጠቅልላ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች። ላቧ ይወርዳል፤ ወገቧ ይፍታታል፤ ሲበቃትም ታጥባ ስትነሣ ቆዳዋ ይለሰልሳል። የወሎ ሙሽራና አራስ ይህን ሳያደርጉ ቢቀሩ እንደ ተጐዱ ይቆጠር ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ከሌላ አገር የመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ የጢሱ ሽታ አሳፈረኝ። እንግዶቹ እንደ ሄዱ አካፋ አነሣሁና ጉድጓዱን ደፈንሁት። «የተማረ ሰው ቤት እንዲህ አይደረግም» አልሁ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። እኔም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቈጠርሁት።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፣ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ በአዲስ አበባ የሚሠራው ልጃችን ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ መጣና «አባባ፣ ለተማሪ ሲነግሩት የኖሩትን የጐንደርን ግምብ ዛሬስ በዓይንዎ ይዩት» አለኝ። ከከሚሴ ተነሥተን በኮምቦልቻና በደሴ አለፍን፤ በሐይቅ በኩል ወልድያ ደርሰን ወደ ደጋው ወጣን፤ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርገን በማግሥቱ ጐንደር ገባን።

የጐንደርን ቅጥር ያላየ ሰው አንድ ግምብ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ከጀመሩት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ ዐፄ ኢያሱ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩበት፤ ሁሉንም ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ ቅጥር ይከባቸዋል። ፍራሹም የአንድ ቀን ጥፋት አይደለም። የደርቡሽ ጦር በ1888 ከተማይቱን አቃጠላት፤ በ1941 ደግሞ ጣልያኖች ሰፍረውበት ስለ ነበረ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እኔ ደብተሬን ይዤ ይህን ሁሉ እየጻፍሁ፣ ምሳም ሳልበላ፣ ከአንዱ ግምብ ወደ ሌላው እዞር ነበር።

ከዚያ አስጐብኚው ወደ አንድ ትንሽ ቤት አገባን። «ይህ ወሸባ ነው፤ ፈረንጆች የቱርክ ባኞ ይሉታል። ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው ይባላል» አለን። በአንደኛው ወገን እሳት የሚነድበትን ስፍራ፣ በጣራውም ላይ እንፋሎቱ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች አሳየን። በሽተኞችም ለመድኃኒት ይገቡበት እንደ ነበር ነገረን። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ስለ ሮማ ስለ ቁስጥንጥንያ ሳስተምር የኖርሁት ነገር በአገሬ ነገሥታት ቅጥር ውስጥ ቆሞ አገኘሁት! ለልጄና ለልጅ ልጄ የሮማን ትምህርት ከመጀመሪያው ጀመርሁላቸው።

ባለቤቴ በእጅዋ ግድግዳውን ዳሰስ አደረገችና፣ «ይኸማ የኛ ወይባ ማለት አይደል? ግምብ አለበሱት እንጂ» አለች።

የልጅ ልጄም «እማማ፣ የእናንተ ቤት ወይባ ታዲያ የት ነው?» አለቻት።

«ተደፍኗል» አለችና ቀድማን ወጣች። እርሳሴ በእጄ ላይ ቀረ።

በዚያው ማታ ልጃችን «ያየነውንማ መሞከር አለብን» ብሎ የእንፋሎት መታጠቢያ ወዳለበት አንድ ሆቴል ወሰደን። ሴቶቹ በሴቶች ክፍል፣ እኛ በወንዶች ክፍል ገባን። አሠሪው «አባባ፣ ከታችኛው ደረጃ ላይ ይቀመጡ» ቢለኝ «እኔ ይህን ነገር ለሌላው ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ» ብዬ ከላይኛው ደረጃ ወጣሁ። እዚያም ሆኜ ስለ ሦስቱ የሮማ ክፍሎች እናገር ጀመር። ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሳልደርስ ዓይኔ ጨለመ። ልጄ በብብቴ ደግፎ አወጣኝ።

ባለቤቴ ነጠላዋን እንደ ተከናነበች እየሮጠች መጣች። ልጄ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈስብኝ ሲል ከለከለችው። አስተኝታ እግሬን ከፍ አደረገች፤ በጋቢ ሸፈነችኝ፤ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችኝ። «በባዶ ሆድ ሙቀት አይገባም። ገብተውም ብዙ አይናገሩም። የሚነሡትም ቀስ ብለው ነው፤ ይህንንማ በኛ አገር ልጃገረድ ታውቀዋለች» አለችኝ። እርስዋ ራስዋ በሴቶቹ ክፍል በእርጋታ ተቀምጣ ምራታችንን ስታስተምር ነበር።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ያን ጉድጓድ ሳልጠይቅሽ ደፈንሁት፤ በድዬሻለሁ» አልኋት።

ብዙ ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «ጉድጓዱስ አፈር ነው፤ ይቆፈራል። እንግዶቹ ‹ይህ ጢስ ምንድር ነው?› ብለው በጠየቁዎ ጊዜ ምን እንደ መለሱላቸው ያስታውሳሉ?»

አላስታወስሁም።

«‹አንዲት ባላገር ዘመድ መጥታ ነው ያጤሰችው› አሏቸው። እኔ ልጁን ታቅፌ ከመጋረጃው በስተኋላ ነበርሁ። ያች ባላገር እኔ ነበርሁ።»

እውነት መናገርን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ለስንቱ ልጅ እያስተማርሁ፣ በቤቴ ሚስቴን የክጃት ሰው ነበርሁ። እኔ የተናገርሁት በዚያው ሰዓት ጠፋኝ፤ እርስዋ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሸክማው ኖረች። የንቀት ጠባዩ ይህ ነው፤ ነገርን ንቀን የተውን ይመስለናል፤ ነገር ግን ከነገሩ ጋራ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ።

ከሚሴ እንደ ተመለስን አካፋውን አውጥቼ በጓዳው ጥግ ቆፈርሁ። ባለቤቴ በራፉ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። በጨረስሁ ጊዜ ተመልክታው «ጠበበ፤ ጥቂት ይስፋ» አለች። አሰፋሁት። ጐረቤቶች ሰምተው መጡ፤ «መምህሩ ምን ነክቷቸው ነው?» እያሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጢሱ የጠየቀኝ እንግዳ ሁሉ «የባለቤቴ ወይባ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ወሸባ ስለ መግባት ሲያወራ፣ ያ አሮጌ ቃል ትናንት የተፈጠረ የመሰላቸው ወጣቶች ነበሩ፤ እኔም የጐንደሩን ቤትና የባለቤቴን ጉድጓድ አንድ ላይ አድርጌ ተረክሁላቸው።

ነገሬን ግን በተሳሳተ መንገድ እንዳትወስዱት። የጥንት የሆነ ሁሉ መልካም ነው አላልሁም። ጢስ ዓይንንና ሳንባን ይጐዳል፤ ብርቱ ሙቀትም ለነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ሐኪም የሚከለክለውን መስማት ይገባል። ሊተው የሚገባው ልማድ ይተው። ነገር ግን የሚተወው ተመርምሮ ይሁን እንጂ በእንግዳ ፊት ታፍሮበት አይሁን። እናንተ የተማራችሁ ልጆች ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እናታችሁን «ይህን ለምን ታደርጊዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው ስሙ። አካፋ ማንሣት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።