ስህተታችሁን አትደብቁኝ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡና ላይ ያላችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ ስህተት እየጠፋ ነው። ሆምወርክ ሰጥቼ ደብተር ስሰበስብ ከላይ እስከ ታች ራይት ነው። አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ተጽፏል፣ መልሱ ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ አንዳንዱማ እኔ ገና ያላስተማርኩትን ዘዴ ሁሉ ተጠቅሞ ይመጣል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በሳምንቱ በዚያው ርዕስ ቴስት እሰጣለሁ፤ ሆምወርኩን አንድ ሳያስቀር የሠራው ልጅ ከ10 ሁለት ያመጣል።

ምስጢሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፎቶማዝን የመሳሰሉ አፖች የጥያቄውን ፎቶ ስታነሱላቸው አሠራሩን ከነመልሱ ያመጣሉ። ቻት ጂፒቲ በኅዳር 2015 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሂሳቡ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የእንግሊዝኛ ድርሰቱም፣ የባዮሎጂ ማስታወሻውም፣ የታሪክ አሳይመንቱም በደቂቃ ያልቃል።

"ድሮስ ኩረጃ አልነበረም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ነበረ እንጂ! በእጅጌ ውስጥ፣ በጫማ ውስጥ፣ በካልኩሌተር ክዳን ሥር ስንቱን አጤሬራ ነው የሰበሰብኩት። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማን ከማን እንደኮረጀ የምለየው በስህተቱ ነበር። የፊት ወንበር ላይ ያለው ልጅ 7ን 1 አድርጎ ከገለበጠ የኋላው ወንበር በሙሉ 1 ይላል። የተኮረጀ ሆምወርክ እንኳ ቢያንስ የአንድ ልጅ ሐሳብ ነበረበት። አንዱ ይሳሳታል፣ እኔ አየዋለሁ፣ በነጋታው ሰሌዳ ላይ ስንሠራው የኮረጁትም ጭምር ይማሩበታል። አሁን ያ ቀርቷል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ። የአንድ ጫማ ዋጋ 4,000 ብር ነበር። ነጋዴው 20 በመቶ ጨመረ። ገዢ ሲያጣ ከአዲሱ ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ጫማው ስንት ብር ነው?

ይህንን ለዘጠነኛ ክፍሎች ሰጠሁ። ሁሉም ደብተር ላይ ለማለት ይቻላል 3,840 ተብሎ በትክክል ተሠርቷል። አንድ ልጅ ብቻ 4,000 ብሎ ጽፏል። ይሄ ልጅ ስልክ የለውም። በማግስቱ ትክክል ከሠሩት አንዷን አስነሣሁና "20 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ ቀንሶ የለ እንዴ? ለምን ወደ 4,000 አልተመለሰም?" አልኳት። ዝም። አጠገቧ ያለውን ጠየቅኩት። ዝም። 4,000 ያለውን ልጅ ስጠይቀው ግን "ቲቸር፣ የጨመረውን ያህል ስለቀነሰ ነዋ" አለኝ።

ተሳስቷል። ግን የት ጋ እንደተሳሳተ ወዲያው ገባኝ፤ 20 በመቶን እንደማይለወጥ የብር መጠን ነው ያየው። "የመጀመሪያው 20 በመቶ የስንት ብር ነው?" አልኩት። "የ4,000፤ 800 ብር።" "ሁለተኛውስ?" ትንሽ አሰበና "የ4,800... ኧረ ቲቸር፣ 960 ነው!" ብሎ ራሱ አረመው። ሁለት ጥያቄ፣ አለቀ። ትክክል የሠሩትን ልጆች ግን ከየት ልጀምርላቸው? የቆሙበት ቦታ አይታየኝም። የሌላ ጤነኛ ሰው የላብራቶሪ ውጤት ይዞ ሐኪም ዘንድ እንደመሄድ ነው። ሐኪሙ "ምንም የለብህም" ይልሃል፣ አንተ በሽታህን ይዘህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ።

መቼም ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። የኔ እኩዮች ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። እኔ በ1998 ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ ገና ትኩስ ነበር። በሳተላይት አንድ ዓይነት ትምህርት፣ በአንድ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ይሰራጫል። ከ40ው ደቂቃ 30 ያህሉ የስክሪኑ ነው፤ የክፍሉ አስተማሪ ከፊትና ከኋላ የተረፈችውን ይሻማል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከተማ ያለውም፣ ጠረፍ ያለውም ልጅ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት ያግኝ ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ ፕላዝማ አያይም። ጥያቄ ይሰጠንና ሰዓት ይቆጥራል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ለሠራውም፣ ላልሠራውም፣ ጥያቄውን ገና ገልብጦ ላልጨረሰውም ቀጥል ብሎ ያልፋል። ቁም አይባል፣ ድገም አይባል። መብራት ከጠፋማ በቃ፣ የዕለቱ ትምህርት አለፈ።

ከዚህ ጋር ሲተያይ የዛሬው ስልክ በብዙ ነገር ይሻላል፤ ይሄን ካልኩ በኋላ ነው መውቀስ የምችለው። ቪዲዮ ማቆምና አሥር ጊዜ መድገም ይቻላል። እኛ አገር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጅ ሂሳቡ ይሁን እንግሊዝኛው ያስቸገረው ሳይለይ ነው ዓመቱን የሚጨርሰው። አሁን ያንኑ ርዕስ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ ሰው ዩቲዩብ ላይ ያገኛል። መጽሐፍ ያልደረሰው ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ያወርዳል። በ2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ስልክና ኢንተርኔት ላለው ሁሉ በነፃ ኮዲንግ የመማር ዕድል ተከፍቷል፤ ከናንተ መካከል ጨርሳችሁ ሰርተፊኬታችሁን የላካችሁልኝ አላችሁ፣ ኮርቻለሁ። እኔ ራሴ ዲፕሎማዬን ዲግሪ ለማድረግ በርቀት እየተማርኩ ስለሆነ ማታ ማታ ከስልክ ጋር ነው የማመሸው። ቴክኖሎጂን የሚጠላ ሰው አይደለም ይሄን የሚጽፍላችሁ።

የሚገርመኝ ያው ስልክ አንዱን ልጅ ሲያስተምር ሌላውን ማደንዘዙ ነው። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳየችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። ይሄንን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛም እንደሌላው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን። ይቺ ልጅ የራሷ ስልክ አልነበራትም። ወንድሟ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲገባ ስልኩን ለአንድ ሰዓት ይሰጣታል። ዳታውም ትንሽ ስለሆነ በቀን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር የምትልክልኝ። የሞከረችውን ሁሉ በእስክሪብቶ የጻፈችበት አንድ ገጽ ነው፤ የተሰረዘው፣ እንደገና የተሞከረው፣ ያልተጨረሰው ሁሉ አለበት። ከሥሩ "ቲቸር እዚህ ጋ ጠፋብኝ" ብላ ቀስት ታደርግበታለች። በቀን አንድ ዕድል ብቻ ስላላት ቀኑን ሙሉ ስትታገል ውላ፣ በራሷ የምትፈታውን ፈትታ፣ በጣም የከበዳትን መርጣ ነው የምትልከው። እኔም መልስ ለመስጠት ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር፤ ቀስቷ የት ጋ መጀመር እንዳለብኝ ይነግረኛል።

ግሩፑ ውስጥ ጥሩ ስልክ የነበራቸው ልጆች ደግሞ "ቲቸር የገጽ 84ን መልስ ላክልን" ነበር የሚሉኝ።

በቅርቡ ይሄን ሳነሳባት ሳቀችና "ቲቸር፣ ያኔ ዳታ ስላልነበረኝ እኮ ነው ያጠናሁት" አለችኝ። ድህነት ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ እሷም አላለችም። ያኔ ስልክ ቢኖራት ኖሮ ብዙ ሌሊት ከመብሰልሰል ትድን ነበር። ነገር ግን ከመጠየቋ በፊት መሞከሯን ማንም አልወሰደባትም። ዛሬ የልጆቻችን እጅ ላይ ያለው ነገር መጀመሪያ የሚወስደው ያንን ነው።

ይሄ ቀልድ እንዳልሆነ የ12ኛ ክፍል ፈተና አሳይቶናል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ይሄን ኤአይ አመጣው ልል አልችልም፤ የመጀመሪያዎቹ ሲፈተኑ ቻት ጂፒቲ ገና አልወጣም። ያ ውጤት የነገረን፣ ደብተርና ካርድ ላይ ያለው ቁጥርና ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር ቀድሞውኑ ተራርቀው እንደነበር ነው። ታዲያ እኔን የሚያስፈራኝ፣ ያ ክፍተት ሳይደፈን ደብተሩን የበለጠ የሚያሳምር መሣሪያ መምጣቱ ነው። አስተማሪው ራይት ያያል፣ ወላጅ ራይት ያያል፣ ልጁም ራሱ የገባው ይመስለዋል። እውነቱን የምንሰማው ስልክ ይዞ መግባት በማይቻልበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ለማረም ረፍዷል።

ታዲያ ምን እያደረግኩ ነው? ስልክ መከልከሉን አልመረጥኩም። ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አላየውም፣ መከልከሌ ውሸት ብቻ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ የሆምወርኩን ሕግ ቀየርኩ። አንደኛ፣ መጀመሪያ በራስህ በእስክሪብቶ ሞክር፤ መሰረዝ ይቻላል፣ ገጽ መቅደድ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከዚያ ስልክህን፣ ጓደኛህን፣ ወንድምህን፣ የፈለግከውን ጠይቅ። ሦስተኛ፣ "የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም..." ብለህ በራስህ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ነጥቡ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ተማሪ ተማሪ ነውና አንዱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኤአዩን "ስህተት ያለበት አሠራር ስጠኝ" ብሎ አዘዘው! ስህተቱን ሳይቀር አስኮረጀው ማለት ነው። ያጋለጠው እንግሊዝኛው ነው፤ እንኳን እሱ እኔም እንደዚያ አልጽፍም። ከት ብዬ ሳቅኩና ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ጊዜው አራት አምስት ልጅ ለሁለት ሁለት ደቂቃ ወጥቶ የሠራውን ያስረዳል። ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማዳረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከባድ ነው። ግን ማን መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ይዘጋጃል።

ታዲያ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። "መምህር፣ ልጄ ድሮ ራይት በራይት ነበር። አሁን ደብተሩ ኤክስ በኤክስ ሆኗል፤ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። ሱቅ እንዳላቸው አውቃለሁ። "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎን ልጠይቅ" ብዬ የጫማውን ጥያቄ ነገርኳቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። "160 ብር ከስሯላ! ሲጨምር ከትንሹ ላይ ነው፣ ሲቀንስ ከትልቁ ላይ ነው" አሉ። ስምንተኛ ክፍልን እንዳልጨረሱ በኋላ ነገሩኝ። ልጃቸው ያንን ጥያቄ ትክክል ከሠሩት አንዱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን የዚያን ዕለት ከአባቱ አፍ ነው የሰማው። እሳቸውም ዘወር ብለው አዩትና "ስልክህን ትተህ ቅዳሜ ሱቅ ትመጣለህ" አሉት። ስልኩንም ይያዘው አልኳቸው፣ ሱቁም አይቅርበት።

እኔም በርቀት ትምህርቴ ያንኑ ሕግ ራሴ ላይ አውጥቻለሁ። ጥያቄውን ብቻ ለኤአይ አልሰጠውም። የሠራሁትን ሁሉ እጽፍለትና "መልሱን አትንገረኝ፣ የት ጋ እንደሳትኩ ብቻ ጠቁመኝ" እለዋለሁ። እንደዚህ ስትጠቀሙበት በሌሊት እንኳ ከጎናችሁ የሚቀመጥ ረዳት ይሆናል፤ ፕላዝማ ፈጽሞ ያልቻለውን ነው የሚያደርገው። በርግጥ እሱም ይሳሳታል፣ ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚሳሳተው። ስለዚህ የራሱን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የእሱን ስህተት መያዝ አይችልም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ደብተር ላይ ኤክስ ስታዩ አትቆጡ። "ይሄ ለምን ኤክስ ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ማስረዳት ከቻለ ጥሩ እየተማረ ነው። አሁን የምታነቡኝ ተማሪዎቼ፣ ስህተታችሁን አትደብቁኝ፤ የምትከፍሉበት ነጥብ የለም። ስልክ የሌላችሁ ደግሞ ወደኋላ የቀራችሁ አይምሰላችሁ። የ4,000ውን ልጅ አስታውሱት።

አስተማሪ ወዳጆቼ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? የሠራላችሁ ዘዴ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እሞክረዋለሁ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ስህተት ያገኘ የድሮ ተማሪም ያለ ይሉኝታ ኤክስ ያድርግበት፤ ለምን እንደሆነ ግን ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍልኝ።

መልካም ሳምንት።